ጥልቀት የሌለው የኮራል ገንዳ በቤት ውስጥ፦ ከወረቀት ሒሳብ እስከ መጀመሪያው ኮራል

ለቤት የሚሆን የኮራል ገንዳ ሲታሰብ ብዙ ሰው ቁመት ይመርጣል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ፤ ቁመቱን ቀንሶ ወለሉን ማስፋት። ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ወለሉ ግን 120 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ከጎንም ከላይም ይታያል፤ እጅ እስከ ክርን ረጥቦ ወለሉ ላይ ይደርሳል፤ ብርሃኑም ብዙ ውሃ ማቋረጥ ስለሌለበት ውድ መብራት አያስፈልግም። በተፈጥሮም ቢሆን ኮራል የሚበዛው ፀሐይ በደንብ በምትደርስበት ውሃ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከኢላትና ከአቃባ እስከ ምጽዋና ዳህላክ ደሴቶች፣ የኮራሉ መደብ ከባሕሩ ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ ይጀምራል፤ አንዳንድ ቦታ ውሃው ከጉልበት አያልፍም።

ይህ ቅርጽ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። በገበቴ ያለ ውሃ በእንስራ ካለው ቀድሞ ይደርቃል። ገጹ ሲሰፋ ትነቱ ይበዛል፤ ውሃው ሲተንን ጨው አብሮት አይሄድምና የቀረው ውሃ እየመረረ ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ገንዳ በሕይወት የሚያቆየው እንግዳ የሚያደንቀው መስታወት ሳይሆን ከሥሩ ካቢኔ ውስጥ የተደበቀው ሁለተኛ ገንዳ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ከኮራል ይልቅ ስለ ቱቦና ስለ ትነት የሚበዛው ለዚህ ነው።

ሒሳብ ከመስታወት ይቀድማል

120 በ60 በ30 ሴንቲ ሜትር 216 ሊትር ይሆናል። ውሃው ግን ከጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ የመስታወቱ ውፍረት፣ አሸዋውና ድንጋዩ የሚይዙት ቦታ ሲቀነስ እውነተኛው ውሃ ወደ 165 ሊትር ይወርዳል። ከታች የሚቀመጠው፣ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ሳምፕ የሚሉት፣ 75 በ40 በ40 ቢሆንና ውሃው 22 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም 66 ሊትር ይጨምራል። ድምሩ 230 ሊትር ገደማ ነው።

እንዲህ ካለ ገንዳ በቀን 3 ወይም 4 ሊትር መትነኑ የተለመደ ነው፤ እንደ ክፍሉ ሙቀትና እንደ አየሩ ድርቀት ይለያያል። 4 ሊትር እንበል። ሳምፕ የሌለው ገንዳ 3 ቀን ሳይሞላ ቢቀር ጨዋማነቱ በሺህ ከ35 ወደ 37.7 ይወጣል። ሳምፕ ያለው 36.9 ላይ ይቆማል። ሁለተኛውም ቢሆን ለኮራል አይመከርም፤ ግን ባለቤቱ ከሄደበት እስኪመለስ ይጠብቀዋል።

ክብደቱም ይሰላ። መስታወቱ፣ ውሃው፣ ድንጋዩ፣ ሳምፑና ካቢኔው ተደምረው 400 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናሉ። የኮንክሪት ወለል ይህን አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። በአሜሪካ በተለመደው የእንጨት ወለል ላይ ግን ገንዳው ሸክም በሚሸከም ግድግዳ አጠገብ፣ ከወለሉ ሥር የተዘረጉትን አግዳሚ እንጨቶች አቋርጦ ይቀመጥ። የኪራይ ቤት ከሆነ አከራዩ አስቀድሞ ይወቅ፤ ብዙ ውል ስለ ውሃ ገንዳ አንድ አንቀጽ አለው። ቀጥተኛ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ግን አይሁን፤ ውሃውን ያሞቃል፣ አልጌም ያበዛል።

ካቢኔውና መስታወቱ

ከላይ ለማየት የተሠራ ገንዳ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ትርጉሙን ያጣል። ካቢኔው 75 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የገንዳው ጠርዝ 105 ላይ ያርፋል፤ የቆመ ሰው ቁልቁል ያየዋል፣ ወንበር ላይ የተቀመጠም በጎኑ ይመለከታል። ከዚህ ዝቅ ቢል የበለጠ ያምር ነበር፤ ነገር ግን ስኪመሩ ከሥር መግባት አለበት። ስኪመር ውሃውን በጥቃቅን አረፋ እያመሰ ቆሻሻውን ከአረፋው ጋር የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት አላቸው፤ የቆሻሻ መያዣውን ጽዋ ለማውጣት ደግሞ ከላያቸው ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ስኪመሩን ቀድመው ይምረጡ፤ አናጺው ከዚያ ይለካ።

እንጨቱ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን። ቺፕውድ ይረክሳል፤ ግን ጨዋማ ውሃ አንዴ ከነካው ያብጥና ይፈረፈራል። ውስጡ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባ፣ ጀርባው ለአየር ክፍት ይተው። ካቢኔው በቦታው ከቆመ በኋላ ውሃ ልክ በርዝመቱም በወርዱም ይጣልበት። ቁመቱ ባጠረ ገንዳ ላይ 5 ሚሊ ሜትር መዝመም ከበር ላይ ሆኖ ይታወቃል፤ የውሃው መስመር ለጠርዙ ስለሚቀርብ ዓይን ሳይፈልግ ያነጻጽራቸዋል።

ለ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 10 ሚሊ ሜትር መስታወት ይበቃል፤ ከላይ ማሰሪያም አያሻውም። ገንዳ ሠርተው የማያውቁ ከሆነ መስታወት ሠራተኛ ያጣብቅልዎ፤ እርስዎ ሁለት ነገር ብቻ ይቆጣጠሩ። የሚበሳው ጎን በሙቀት የተጠናከረ መስታወት አይሁን፤ መሰርሰሪያው ሲነካው ሙሉ በሙሉ ይረግፋል። ሲሊኮኑ ደግሞ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት አለበት፣ እሱም እንስሳቱን ይመርዛል። ተጣብቆ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ይድረቅ።

ውሃው የሚወርድበትና የሚመለስበት መንገድ

ውሃው ከላይኛው ገንዳ በራሱ ክብደት ወደ ሳምፕ ይወርዳል፣ ከዚያ በፓምፕ ይመለሳል። በኋላኛው መስታወት ላይ 3 ቀዳዳ ይበሳ፤ ለዋናው መውረጃ፣ ለመጠባበቂያው መውረጃና ለመመለሻው። ሁለቱ መውረጃዎች ጥርስ ባለው ሳጥን ውስጥ ይሁኑ፤ ጥርሱ ዓሣ እንዳይወርድ ያግዳል። በዋናው ቱቦ ላይ ቫልቭ ይደረግና ቱቦው ሙሉ በሙሉ በውሃ እስኪሞላ ድረስ ይጥበብ፤ አየር የማያልፍበት ቱቦ ድምፅ የለውም። የመጠባበቂያው አፍ ከዋናው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ቫልቭም አይደረግበትም። ዋናው በአልጌ ወይም በቀንድ አውጣ ሲደፈን ውሃው በመጠባበቂያው ይሄዳል፤ ሲንዶቀዶቅ ስለሚሰማም ችግር መኖሩን ያሳብቃል። ሁለተኛውን ቀዳዳ መቆጠብ የሚያምረው ሰው አስቀድሞ የምንጣፉን ዋጋ ያስላ።

ፓምፑ በሰዓት ከ800 እስከ 1,200 ሊትር ላይ ቢያደርስ በቂ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍታ ሳይወጣ የተለካ ስለሆነ እሱን ትተው በ1.2 ሜትር ከፍታ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ።

የመመለሻው አፍ ከውሃው ገጽ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አይጥለቅ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ወደ ታች መሳቡን ይቀጥላል፣ የሚያቆመውም አየር ብቻ ነው። በዚህ ገንዳ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ 7.2 ሊትር ነው። አፉ 2 ሴንቲ ሜትር ቢጠልቅ 14 ሊትር ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ቢጠልቅ 72 ሊትር። ሳምፑ ከ22 ሴንቲ ሜትር መስመር በላይ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ 54 ሊትር ብቻ ነው። አንዳንዶች ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ በመመለሻው ላይ ያስገባሉ። ጨውና ጥቃቅን ዛጎል መዝጊያው ላይ ሲጋገር በትክክል አይገጥምምና እኔ አልተማመንበትም።

አሁን በቧንቧ ውሃ ይፈትኑት፤ ጨው ሳይገባ፣ ድንጋይ ሳይቀመጥ። ገንዳውን ይሙሉ፣ ፓምፑን ያስነሡ፣ ውሃው ላይም ታችም እስኪረጋጋ ይጠብቁ። በሳምፑ መስታወት ላይ የውሃውን መስመር በፕላስተር ምልክት ያድርጉና ሶኬቱን ይንቀሉ። መጀመሪያ የመውረጃው ሳጥን ይጎድላል። ከዚያ የሳምፑ ውሃ ፕላስተሩን አልፎ ቀስ እያለ መውጣት ይጀምራል፤ ይህ ጊዜ ከሚገባው በላይ ረጅም ሆኖ ይሰማል። የመመለሻው አፍ አየር ሲያገኝ አንዴ ይንኳረራል፣ በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ይወርዳል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ውሃው የቆመበት ላይ ሁለተኛ ፕላስተር ይለጠፍ። ከሱ እስከ ሳምፑ ጠርዝ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ካልቀረ የሳምፑን የሥራ ውሃ ዝቅ ያድርጉ። ሶኬቱን መልሰው ይሰኩ፣ እንደገና ይንቀሉ፤ በየጊዜው ውሃው ያው መስመር ላይ መቆም አለበት። ዋናውን መውረጃ በመዳፍ ደፍነው መጠባበቂያው ብቻውን መሸከም መቻሉንም ይዩ። በመጨረሻ በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፈው 48 ሰዓት ይተዉት፤ በዓይን የማይታይ እንጥብጣቢ በሶፍቱ ላይ ይታያል።

የኤሌክትሪክ ነገር አጭር ነው። እያንዳንዱ ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ በታች ወርዶ ይታጠፍ፤ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ውሃ እዚያው ይንጠባጠባል። ማከፋፈያው ወለል ላይ ሳይሆን በካቢኔው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ማፍሰስ ሲጀምር በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር ከሌለ ግን ገንዳውን በውሃ አይሙሉ።

ትነቱን መያዝ

የተነነውን ውሃ በእጅ እየተኩ መኖር ይቻላል፤ የሚቻለው ግን እስኪረሱት ነው። በሳምፑ የፓምፕ ክፍል ውስጥ የውሃውን ከፍታ የሚከታተል ዳሳሽ ይተከል፤ ውሃው ትንሽ ሲጎድል ከማጠራቀሚያ ንጹሕ ውሃ የሚልክ ትንሽ ፓምፕ ይከፍታል። ቦታውን አይለውጡ፤ በዚህ አሠራር ውሃ ሲተንን ከፍታው የሚቀንሰው በዚያ ክፍል ብቻ ነው፤ የላይኛው ገንዳ ሁልጊዜ እኩል ነው። የሚተካው ውሃ ጨው የሌለው ይሁን።

የማጠራቀሚያው መጠን ራሱ መከላከያ ነው። ዳሳሹ አንድ ቀን መጣበቁ አይቀርም። 20 ሊትር በአንድ ሌሊት ወደ ገንዳው ቢገባ ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 32 ይወርዳል፤ ኮራሎቹ ይኮማተራሉ፣ አብዛኞቹ ግን ይተርፋሉ። ለመገላገል ብለው በርሜል ያገናኙ እንደሆነ ሌላ ታሪክ ነው።

ትነት ሙቀትም ይወስዳል። 1 ሊትር ውሃ ሲተንን 0.67 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ 4 ሊትር በቀን ማለት ያለማቋረጥ ከ110 ዋት በላይ ማጣት ነው። ስለዚህ በብርድ አገር ለ230 ሊትር የሚባለው የተለመደ ማሞቂያ ለዚህ ቅርጽ ያንሳል። 150 ዋት የሆኑ ሁለት ማሞቂያዎች በሳምፑ ውስጥ ይቀመጡና በአንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ ይመሩ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል፤ አንዱ አልጠፋም ብሎ ቢቀርም ብቻውን ገንዳውን ቶሎ አያፈላም። መቆጣጠሪያው ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ይደረግ። በዱባይ ወይም በዶሃ ያለ ሰው ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ለእሱ በውሃው ገጽ ላይ የሚነፍስ ትንሽ ማራገቢያ ውሃውን ሁለትና ሦስት ዲግሪ ያበርዳል፣ ትነቱ ግን በዚያው ልክ ይጨምራል። በአውሮፓ ክረምት ደግሞ መስኮት ተዘግቶ በቀን 4 ሊትር እንፋሎት ወደ ክፍሉ ይገባልና የግድግዳው ጥግ እንዳይሻግት በየቀኑ አየር ይለወጥ።

አዲስ አበባ ላይ ለሚያስበው ሰው አንድ ሁለት ቃል። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። እዚህ ሰፊ ገጽ ያለው ገንዳ ከረጅሙ በግልጽ ይሻላል፤ አየር የሚገባው በገጹ ነውና። መብራት ሲቋረጥ ግን ቀጭን ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከካቢኔው አጠገብ ይኑር፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈንም ለጥቂት ሰዓት ይረዳል። በነገራችን ላይ መብራት ሲጠፋ ዓሣን ቀድሞ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የኦክስጅን እጥረት ነው።

ድንጋይና አሸዋ

በ120 በ60 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ካርቶን ወለሉ ላይ ዘርግተው ድንጋዩን እዚያ ላይ ይደርድሩ። እንዲህ ያለ ገንዳ ከላይ ስለሚታይ ቆመው ቁልቁል እያዩ መወሰን ነው። ከ12 እስከ 15 ኪሎ ግራም ቀለል ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ይበቃል፤ ብዙ ሰው ከዚህ በላይ ይገዛና ገንዳውን የድንጋይ ክምር ያደርገዋል። መጠናቸው የማይመሳሰል ሁለት ደሴቶች፣ በመካከላቸው አሸዋ የለበሰ መተላለፊያ ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር ከተደረደረ ግድግዳ ይሻላሉ። የትኛውም ድንጋይ ከ14 ሴንቲ ሜትር በላይ አይውጣ። ውሃው 27 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኮራል ያድጋል፣ የሚያድገውም ወደ ላይ ነው። ከመስታወቱ ዙሪያውን 8 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ የመስታወት ማጽጃው ማግኔት እንዲያልፍ።

ቅርጹ ሲስማማዎ ድንጋዮቹን በአኳሪየም ሲሚንቶ ያያይዟቸው፤ ሲደርቅ በባዶው መስታወት ላይ ያስቀምጡ። አሸዋው ከዚያ በኋላ ይፈስሳል። አሸዋ ቀድሞ ከገባ ከሥሩ የሚቆፍሩ እንስሳት ድንጋዩን ይጥሉታል። አራጎናይት ከሚባለው የኖራ ማዕድን የተሠራ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ አሸዋ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ዱቄት የሚመስለውን ደቃቅ አሸዋ ግን ለሌላ ገንዳ ይተዉት። ቁመቱ ባጠረ ውሃ ውስጥ የፓምፑ ሞገድ ወለሉን ስለሚነካ ደቃቁ ወደ አንድ ጥግ ይከመራል።

የውሃ እንቅስቃሴና ብርሃን

ኮራል በቆመ ውሃ አይኖርም። ሁለት የሞገድ ፓምፖች በግራና በቀኝ ጎን ይተከሉና ተራ በተራ ይሥሩ፤ ሁለቱ ተደምረው በሰዓት ከ3,500 እስከ 5,000 ሊትር ቢያንቀሳቅሱ ለአብዛኞቹ ኮራሎች ይበቃል። ክብ አፍ ያላቸው ፓምፖች ከገጹ በቀረቡ ጊዜ አዙሪት ፈጥረው አየር ይውጣሉ፤ ገንዳው በአረፋ ይሞላል፣ ድምፁም ያስጨንቃል። ውሃን እንደ ሰፊ ስስ ንጣፍ አግድም የሚገፉት ረጃጅም ፓምፖች ለዚህ ቅርጽ የተሠሩ ያህል ናቸው።

ስለ መብራት የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ ለረጅም ገንዳ የታሰበ ነው። እዚህ ችግሩ የብርሃን ማነስ ሳይሆን መብዛትና በአንድ ቦታ መከማቸት ነው። ለ60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተሠራ ጠንካራ ኤልኢዲ ከገጹ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሰቀል ከሥሩ ያለውን ኮራል አንጥቶ ይገድላል፤ ጥጎቹ ግን ጨለማ ይሆናሉ። መጠነኛ ኃይል ያላቸው ሁለት መብራቶች 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ቢሰቀሉ ብርሃኑ ይዳረሳል፣ እጅም ሳይከለከል ይገባል። ለኮራል የሚጠቅመው ብርሃን የሚለካው ፓር በሚባል መለኪያ ነው። ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 100፣ ሥጋማ የድንጋይ ኮራሎች፣ ማለትም ጠንካራ የኖራ አጽም ያላቸው፣ ከ100 እስከ 150፣ እንደ አክሮፖራ ያሉት ቅርንጫፋም የድንጋይ ኮራሎች ከ200 እስከ 350 ይፈልጋሉ። መሣሪያው ውድ ነው፤ በብዙ ከተማ የባሕር አኳሪየም ሱቆች ያከራያሉ፣ አንድ ቀን ይበቃል። በየደሴቱ ጫፍና ሥር ለክተው ቁጥሩን በካርቶኑ ሥዕል ላይ ይጻፉ፤ የትኛው ኮራል የት እንደሚቀመጥ በዚያው ይወሰናል።

መብራቱን በመጀመሪያ በግማሽ ኃይል ያብሩና በአንድ ወር ውስጥ ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉ፤ በቀን 8 ወይም 9 ሰዓት ይበራል። ከላይ የተሰቀለ መብራት ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ያስቸግራል፤ ዙሪያውን ጥቁር ከለላ ይደረግለት።

ጨው፣ ባክቴሪያና ትዕግሥት

የቧንቧ ውሃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያና ከሱ ቀጥሎ በሚገባው የአዮን ማስወገጃ ካላለፈ ለኮራል አይሆንም። በማጣሪያው መጨረሻ ያለው የሟሟ ነገር መለኪያ 0 ማሳየት አለበት። ለአንድ ሊትር ከ36 እስከ 40 ግራም የባሕር ጨው ይገባል፤ ለመጀመሪያው ሙሌት 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይዘጋጅ። ጨዋማነትን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር በ35 መለኪያ ፈሳሽ ይስተካከል፤ በንጹሕ ውሃ ብቻ የተስተካከለ መሣሪያ 35 ላይ ሊሳሳት ይችላል። የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ጨዋማነቱ 40 አካባቢ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያንን ለመኮረጅ ይፈተን ይሆናል፤ አያስፈልግም፣ ከሱቅ የሚገዛው እንስሳ በ35 የለመደ ነው።

ውሃው ሞቆ ሲዞር በአሞኒየም ክሎራይድ አሞኒያውን ወደ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ያድርሱና በጠርሙስ የሚሸጠውን ባክቴሪያ ይጨምሩ። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ማታ የተጨመረው 2 ሚሊ ግራም በማግሥቱ ማታ አሞኒያም ናይትራይትም 0 ሆኖ ሲገኝ ገንዳው እንስሳ ለመቀበል ደርሷል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ የኮራል መብራት ማብራት አልጌን ከመቀለብ በቀር ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማንም በፎቶግራፍ የማያሳየው ወቅት ነው። አሸዋው ቡናማ ይለብሳል፣ ድንጋዩ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል። ደንግጠው መድኃኒት አይጨምሩ። ትሮከስና ሴሪት የሚባሉ ቀንድ አውጣዎች ያስገቡ፣ በእጅ የሚነቀለውን ይንቀሉ። ከሁሉ በላይ ናይትሬትና ፎስፌትን ወደ 0 ለማውረድ አይታገሉ፤ ባዶ ውሃ ውስጥ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው የሚዝለገለግ ቡናማ ነገር ይነግሣል፣ እሱም ከአልጌው የከፋ ነው። ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር ይሁን።

ማን ይግባ

በመጀመሪያ ለስላሳዎቹ፤ የእንጉዳይ ኮራል፣ ዜኒያ፣ ዞአንቲድ። ዜኒያ በቀይ ባሕርም በብዛት የሚገኝ፣ እጁን እየከፈተና እየጨበጠ የሚውል ኮራል ነው፤ ከወደደው ገንዳውን ይወርሳልና ለብቻው በተነጠለ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ዞአንቲድ ላይ ቀልድ የለም። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው፤ በጓንትና በመነጽር ይያዙ፣ ያሉበት ድንጋይ በፍጹም አይቀቀል፣ በብሩሽም አይፈግፈግ፤ እንፋሎቱና ብናኙ ሰውን ሆስፒታል አስገብቷል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ዩፊሊያና ሌሎች ሥጋማ ኮራሎች ይከተላሉ። ዩፊሊያ በሌሊት ረጃጅም ተናዳፊ ክር ይዘረጋልና ከጎረቤቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። አክሮፖራ ገንዳው ሳይረጋ፣ ማለት አንድ ዓመት ሳይጠጋ፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከላይ ማየትን የሚክሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ እንደ ሳህን እየተንጣለለ የሚያድገው ሞንቲፖራ ነው፤ ከጎን ሲታይ ስስ ጠርዝ ብቻ ነው፣ ከላይ ክብ በክብ ሲደራረብ ግን ሙሉ ውበቱ ይታያል። ሌላው ትራይዳክና ማክሲማ የሚባለው ዛጎል ነው። ሰማያዊና ወርቃማ ከንፈሩ የተሠራው ወደ ፀሐይ እንዲዞር ነው፤ በረጅም ገንዳ ከፊት የሚያየው ሰው ግማሹን ቀለም ያጣል። እጅ ከላዩ ሲያልፍ በጥላው ብቻ ይደነግጥና ይዘጋል።

እያንዳንዱ አዲስ ኮራል ለኮራል በተዘጋጀ ማጠቢያ ውስጥ ተነክሮ ይግባ፤ የመጣበት ትንሽ መደብ ቢጣል ይመረጣል፣ አይፕቴዥያ የሚባለው፣ እንደ አረም የሚዛመት ተናዳፊ እንስሳ የሚደበቀው እዚያ ነው። ማጣበቂያው ሳይኖአክሪሌት የሚባለው ሱፐር ግሉ፣ ወፍራሙ ዓይነት ነው። የኮራሉን ሥር በሶፍት አድርቀው ማጣበቂያውን ያንጠባጥቡ፣ ውሃ ውስጥ አስገብተው ድንጋዩ ላይ እየጠመዘዙ ይጫኑ፤ በላዩ የሚፈጠረው ነጭ ቆዳ እስኪቀደድና እርጥቡ ድንጋዩን እስኪይዝ። ሳይጠመዘዝ የተጫነ ኮራል በማግሥቱ አሸዋ ላይ ይገኛል። በሰው እጅ የተባዙትን ይግዙ። ከባሕር ዳርቻ ኮራል መልቀም በእስራኤል በሕግ የተከለከለ ነው፤ የድንጋይ ኮራልና ትራይዳክና ድንበር ሲሻገሩም ሳይቲስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ፈቃድ ይፈልጋሉ።

ዓሣ ከአምስት አይብለጥ፦ ጥንድ ክላውንፊሽ፣ አንድ ቴይልስፖት ብሌኒ፣ አንድ ጎቢ፣ አንድ ኦርኪድ ዶቲባክ። የመጨረሻው ሐምራዊ፣ በቀይ ባሕር ብቻ የሚገኝ፣ አሁን ግን በእርባታ የሚመረት ነው። ታንግ የሚባሉትን ይተዉ፤ መዋኛ ይጠባቸዋል። ዓሣ ይዘላል፤ ጠርዙ ለውሃው ቅርብ ስለሆነ በዚህ ገንዳ የበለጠ ይዘላል። 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ግልጽ መረብ በቀጭን ፍሬም ተወጥሮ ይከደን እንጂ መስታወት አይደረግ፤ መስታወት አየርንም ብርሃንንም ይከለክላል።

የየሳምንቱ ሥራ

በሳምንት 20 ሊትር ውሃ ይቀየር። በየሁለት ቀኑ አልካሊኒቲ፣ ማለትም ኮራል አጽሙን የሚሠራበት በውሃው ውስጥ የሟሟ የካርቦኔት መጠን፣ ይለካ፤ ዲኬኤች በሚባለው መለኪያው በ8 እና በ9 መካከል ይቆይ። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም 1,300 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ፤ እነዚህ በቶሎ ስለማይለዋወጡ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃሉ።

የድንጋይ ኮራሎቹ ሲያድጉ የውሃ ቅየራው ብቻ የሚበሉትን አይተካም። እዚህ ላይ እስካሁን ስንወቅሰው የቆየነው ትነት ውለታ ይሠራል። በሚተካው ንጹሕ ውሃ ውስጥ በሊትር 1.5 ግራም ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም የኖራ ውሃ፣ ቢገባ ካልሲየሙም አልካሊኒቲውም አብሮ ይገባል። በቀን 4 ሊትር የሚተንን ገንዳ በዚህ መንገድ እስከ 2 ዲኬኤች ድረስ መቀበል ይችላል፤ ትነቱ ያነሰ ረጅም ገንዳ ይህን ያህል ዕድል አያገኝም። በሊትር ሩብ ግራም ይጀምሩና በመለኪያው እየተመሩ ይጨምሩ። ይሁን እንጂ የኖራ ውሃ ፒኤች ከ12 በላይ ነው፤ ከላይ በተባለው ተጣባቂ ዳሳሽ አማካይነት 20 ሊትር በአንድ ጊዜ ቢፈስስ ገንዳውን በሙሉ ይገድላል። ስለዚህ ለኖራ ውሃ በሰዓት የተወሰነ መጠን ብቻ የሚያንጠባጥብ የተለየ ፓምፕ ይደረግ፤ ዳሳሹ ከንጹሕ ውሃው ጋር ብቻ ይቅር።

ለእረፍት ሲሄዱ ገንዳውን የሚጠብቅ ጎረቤት ምግቡን በራሱ አይመጥን፤ የየቀኑን ድርሻ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥረው ቀኑን ጽፈውበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይተዉለት። የኖራውን ፓምፕ ለጥቂት ቀን መንቀል ይቻላል። በካቢኔው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ ውሃ ወለል ላይ ከታየ የትኛው ሶኬት እንደሚነቀል፣ መጠባበቂያው ቱቦ ሲንዶቀዶቅ ከተሰማ የመውረጃው ሳጥን ጥርስ እንዲጸዳ፣ ማጠራቀሚያው በየስንት ቀኑ እንደሚሞላና የትኛው ጀሪካን ንጹሕ ውሃ፣ የትኛው ጨው ያለበት እንደሆነ። በጀሪካኖቹም ላይ በትልልቅ ፊደል ይጻፍባቸው።